ጫማው የማን ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኛል። ወገቤ ደህና ነው፤ ዓይኔ ነው የሰው እግር ላይ የሚቀረው። የመቱ ገበያ በሚቆምበት ቀን ደጃፌ ያለው ድንጋይ ላይ እቀመጥና ከባጃጅ የሚወርደውን፣ ከታች ሽቅብ የሚወጣውን ሁሉ አረማመዱን እመረምራለሁ። ይሄኛው ቀኝ ዳሌውን ያመዋል። ያቺ ሴትዮ ጫማዋ ጠቧታል። እኚያ ሽማግሌ ከዘራቸውን የያዙት በማይሆነው እጃቸው ነው። ባለቤቴ አልማዝ በዚህ ነገሬ ተማርራለች።

«ሰው ሰላም ሲልህ ፊትህን እያየ ነው» ትለኛለች። «አንተ ግን አጸፋውን የምትመልሰው ለጫማው ነው።»

እውነቷን ነው። የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት ሰው ሠራሽ እግር እየሠራሁ ነው። ወርክሾፓችን ከመንገዱ ገባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። አንዱ ክፍል ውስጥ ጀሶ ይቦካል፣ ሌላው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ ይቆረጣል። ከቡሬም ይሁን ከጎሬ፣ ከበደሌም ይሁን ከዳሪሙ፣ እግር ያጣ ሰው ወደዚያች ቤት ይላካል። የርጥብ ጀሶ ሽታ ይናፍቀኛል። ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ ግን አንድ ድምፅ ነው። ሰው አዲሱን እግር አጥልቆ፣ ሁለቱን መደገፊያ ብረቶች ጨብጦ፣ ክብደቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጥልበት ፕላስቲኩ ሲጥ ይላል። ያን ድምፅ የሰማ ታካሚ ሁሉ የተሰበረ መስሎት ያየኛል፤ እኔም «ግድ የለም፣ እየተዋወቃችሁ ነው» እለው ነበር።

ለሙያው ተጠርቼ የገባሁ ሰው አይደለሁም። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጎሬ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሠራ ሰው ነበር። እኔ ጽሕፈቱ አልሆነልኝም፤ ብየዳ ተምሬ መቱ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ቆየሁ። ኦሮሚያ ክልል ሆና ከተዋቀረች ጥቂት ዓመታት በኋላ ወርክሾፑ ሲከፈት በያጅ ይፈለጋል ተባለና ተወዳደርኩ። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰፈር ቋንቋዬ ስለነበር በፈተናው አልተቸገርኩም። ደመወዙ ከጋራዡ ያንስ ነበር፤ ጡረታ ግን ነበረው። ያንን ጡረታ ነው አሁን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የምበላው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዘነበ ናቸው። አዲስ አበባ በዚህ ሥራ ያረጁ፣ አጠር ያሉ፣ ሲራመዱ ኪሳቸው የሚንኳኳ ሰው ነበሩ። ኪሳቸው ውስጥ ቱንቢ አይጠፋም። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በገመድ ጫፍ የታሰረው ነሐስ ማለቴ ነው። እሳቸው የሰው እግር ይለኩበታል። ከዳሌው አጥንት ላይ አንጠልጥለው ቁልቁል ይለቁታል፤ ገመዱ በጉልበቱ በኩል የት እንደሚያልፍ፣ ነሐሱ እግሩ ሥር የት እንደሚያርፍ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ገመዱ ከተንቀሳቀሰ የሚቆጡት እኔን ነው፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ ብለው ያምናሉ።

ታካሚ ሲገባ የተቆረጠውን እግር አያዩም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ያስመጡና ደህናውን እግር በገዛ እጃቸው ያጥባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ጸሎተ ሐሙስ የሆነ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስተውል ውስጥ እግሩን እያነበቡ ነው። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ ሰው በባዶ እግሩ ነው የሚውለው። አውራ ጣቱ ሥር የደደረ ዳገት ይወጣል። ጣቶቹ የተፈለቀቁት ጭቃ ላይ ለመቆም ነው። ይህን ካዩ በኋላ ነው ቀና ብለው የሚጠይቁት፦

«ኮጴን ከን ኤኙቲ?»

ጫማው የማን ነው ማለታቸው ነው። ጋሼ ዘነበ ኦሮምኛ አይችሉም ነበር። ይህቺን አንዲት አረፍተ ነገር ግን እኔ እንኳ በማልደርስበት ጥራት ነበር የሚናገሯት።

በእኛ አገር የገጠር ሰው ወደ ከተማ ሲመጣ፣ ያውም መንግሥት ቤት ሲገባ፣ የክት ለብሶ ነው። የክት የሌለው ይዋሳል። ጋቢ ይዋሳሉ፣ ጃንጥላ ይዋሳሉ፣ ጫማ ይዋሳሉ። ነውር የለውም፤ እንዲያውም እንደ ተገኘ ለብሶ መምጣት ነው ንቀት የሚመስለው። ሰው ሠራሹ እግር ግን ይህን አያውቅም። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሥጋና አጥንት አይታጠፍም። ተረከዙ ሁለት ጣት በሆነ ጫማ ከተስተካከለ፣ የሚሠራው ለዚያ ሁለት ጣት ብቻ ነው። ባለቤቱ ጫማውን መልሶ ጠፍጣፋ ነገር ሲያደርግበት እግሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጉልበቱን ይገፋዋል፣ ሜዳው ሁሉ ዳገት ይሆንበታል። ቀስ እያለም ያቆስላል።

እኔ ግን ጥያቄያቸው ያሸማቅቀኝ ነበር። አንድ ቀን ከቡሬ የመጡ አዛውንት «ሰርቆ ነው ልትሉ ነው?» ብለው ተነስተው ሊወጡ ሲሉ በስንት ልመና አስቀመጥናቸው። ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ጋሼን ተናገርኳቸው።

«ሰው ያሳፍራሉ እኮ ጋሼ። አሁን ያንን ሽማግሌ ምን አስጠየቀዎት?»

«ጫማው የማን ሆነ?»

«የልጃቸው።»

«በቃ» አሉኝ፣ ቱንቢያቸውን በጨርቅ እየወለወሉ። «እዚህ ቢያፍር እኔና አንተ ነን ያለነው። እቤቱ ሲወድቅ ማን ያነሳዋል?»

ከወርክሾፑ ጀርባ ደግሞ አፈር አስደልድለው አንድ ትንሽ ዳገት ሠርተው ነበር። ድንጋይ ጣል ጣል አድርገውበታል፤ ጠዋት ጠዋት በባልዲ ውሃ እያፈሰስኩ ጭቃ አደርገው ነበር። ሰው ሲሚንቶው ላይ ከተራመደ በኋላ እዚያ ይወጣና ይለማመዳል። ሲጨርስም ጋሼ አይሸኙትም። ከበሩ ኋላ ተደብቀው ከግቢው ሲወጣ ያዩታል፤ ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ አሳምሮ ይሄዳል ይሉ ነበር።

አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ደግ ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ መኪና እየሰጠን ቡሬና በደሌ ድረስ ወጥተን እንሠራ ነበር። ሌላው ሲመጣ መኪናው ለሌላ ሥራ ተፈለገና ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ይምጣ ተባለ። የግቢው ዳገትም ለእይታ አስቀያሚ ነው ተብሎ ሲሚንቶ ተደረገበት። የሩብ ዓመት ሪፖርታችን ላይ «የተሰጠ እግር» የሚል ዓምድ ነበረ፤ የተራመደውን የሚጠይቅ ዓምድ አልነበረውም። ለክትትል ያልተመለሰውን ሰው ደግሞ «ደህና» ብለን ነበር የምንሞላው። ባይሻለው ኖሮ ይመጣ ነበር ብለን ነው።

ጋሼ ዘነበ ጡረታ ሲወጡ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ቱንቢውን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ውስጥ አስቀመጡት።

«እጅህ ከእኔ ይሻላል፤ ይሄን አውቃለሁ» አሉኝ። «ጨዋነትህ ግን ያሳስበኛል ግርማ። ጠይቅ። አትፈር፣ ጠይቅ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ስለ መቀመጫቸው ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቅ ጀምረው ነበር።

አዴ ድንቂቱ፣ እትዬ ድንቂቱ እንደማለት ነው፣ የመጣችው በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ነው። የዳሪሙ ሴት ናት፤ ያኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ የምትሆን፣ ባሏ የሞተባት። ቡናው ውስጥ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆባት፣ ቁስሉ ከፍቶ፣ ግራ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ከመንደሯ እስከ ዳሪሙ ከተማ ግማሽ ቀን በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው መቱ የደረሰችው። ያመጣት የባሏ ወንድም ኦቦ ገመዳ ነበር። በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«እኔስ ይቅርብሽ ብያት ነበር» አለኝ። «ቤት ትቀመጥ፤ ቡናውን እኛ እንለቅመዋለን። ምን ጎደለባት?»

ድንቂቱ ወደ እሱ አልዞረችም። «ቡናዬን ራሴ ነኝ የምለቅመው» አለችኝ በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ለኅዳር ይደርስልኛል?»

ነገሩ ገባኝ። እኛ አገር መሬት የሚሠራበት ሰው ንብረት ነው። ሁለት መኸር እቤት የተቀመጠች መበለት፣ በሦስተኛው ቡናው የእሷ መሆኑን የሚያስታውስላት አይኖርም። ይደርሳል አልኳት። ባለኝ ሙያ ሁሉ ልሠራላት ለራሴ ቃል ገባሁ።

ያን ቀን በእግሯ ያደረገችው ጫማ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ ተረከዙ ሁለት ጣት ይሆናል፤ የጎን ማሰሪያው ተበጥሶ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ሁለቱንም ጫማ ነበር ይዛ የመጣችው፤ አንዱን አድርጋ፣ ለሌለው እግሯ የሚሆነውን በፌስታል ቋጥራ።  ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኦቦ ገመዳ በሩ ላይ ነው። ይህቺ ኮርታ የተቀመጠች ሴት በሱ ፊት «የተዋስኩት ነው» ስትል ታየኝ። ውሃውንም አላስመጣሁም፤ ወንድ በሚያይበት እግሯን ማጠብ አሳፈረኝ። ጫማዋን ሳላስወልቅ ወደ ሥራው ገባሁ።

ጀሶውን አሳምሬ ነው የወሰድኩት። የራሰውን ፋሻ ከጉልበቷ በላይ ጀምሬ ጠቀለልኩ፤ ከጉልበቷ ሎሚ፣ ከክቡ አጥንት፣ ዝቅ ብሎ፣ ክብደት መሸከም የሚችለው ጅማት ላይ ሁለቱን አውራ ጣቶቼን ጫንኩና ጀሶው ከጣቶቼ ሥር ሞቆ እስኪደርቅ ያዝኩት። ስድስት ቀን ዘመዷ ቤት አደረች። ሶኬቱን፣ ቀሪው እግር የሚገባበትን ቀፎ፣ ሞረድኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቱንቢውን አንጠልጥዬ በጥቁሩ ጫማ ልክ አስተካከልኩት። በስድስተኛው ቀን ከፌስታሉ ውስጥ ያኛውን ጫማ አውጥታ አዲሱ እግሯ ላይ አደረገችውና ብረቶቹን ለቅቃ ተራመደች። ሲሚንቶው ላይ ቋ ቋ እያለች ሄዳ ተመለሰች። ኦቦ ገመዳ ሰዓቱን ማየት ተወ። አለቃዬ ፎቶ አነሳት። እንደ ጋሼ ዘነበ ከበሩ ኋላ ተደብቄ ከግቢው ስትወጣ አየኋት፤ አላነከሰችም። ያን ቀን እሳቸውንም የበለጥኩ መሰለኝ።

ካርዷ ላይ ከሦስት ወር በኋላ ትመለስ ብዬ ጻፍኩ። አልመጣችም። ኅዳር አለፈ፣ ጥር ገባ። መዝገቡ ላይ «ደህና» ብዬ ሞላሁ።

ሁለት መኸር ካለፈ በኋላ ለክትባት ዘመቻ ወደ ዳሪሙ የሚሄድ መኪና ላይ ቦታ ተገኘልኝና ለጤና ጣቢያው ክራንች ላደርስ ሄድኩ። ሥራዬን ጨርሼ ባትሪ ድንጋይ ልገዛ አንዲት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ ከአጋሮ በኩል መጥተው ዳሪሙ የከበዱ ነጋዴ ናቸው። ከመደርደሪያው ላይ ሊያወርዱልኝ በርጩማ ላይ ወጡ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ እግራቸው ሄደ። ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ሁለት ጣት ተረከዝ፣ ማሰሪያው በነጭ ክር የተሰፋ።

 «እትዬ» አልኳቸው፣ «ይሄ ጫማ የማን ነው?»

በርጩማው ላይ እንደቆሙ ሳቁ። «የማን ይሆናል? የኔ ነዋ። ግን እኔ ሳልሆን አገሩ ነው የጨረሰው። ወደ መቱ የምትሄድ ሴት ሁሉ ይሄን አድርጋ ነው የምትሄደው። ለሚሰፋት ጥጥ እጨምርበታለሁ።»

«አዴ ድንቂቱስ? እግሯ የተቆረጠው?»

«ድንቂቱማ በመጣች ማግስት መለሰችልኝ፤ ጠርጋ፣ ቀለም ቀብታ። ምስኪን። እቤት ናት፤ አትወጣም።»

ባትሪ ድንጋዩን እዚያው ትቼው ወጣሁ። መኪናው እንደማይጠብቀኝ አውቅ ነበር። የእግር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የደረስኩት። ድንቂቱ ደጃፏ ላይ ሰሌን ዘርግታ ቡና ትለቅም ነበር፤ ሌላ ሰው ከዛፍ ያወረደውን ቡና፣ እሷ እሸቱን ከደረቁ ትለያለች። ስታየኝ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ውስጥ ገባች። የሸሸችኝ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ተመለሰች።

«አላበላሸሁትም ኦቦ ግርማ» አለችኝ፣ ነጠላውን እየፈታች። «ይኸው። አይጥ እንዳይነካው ከፍ አድርጌ ሰቅዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

እግሩ እንዳስረከብኳት ነጭ እንደሆነ ነበር። እሷ እንዴት እንደነበር ነገረችኝ። ጫማውን ከመለሰች በኋላ ያላት ተረከዝ የሌለው የላስቲክ ኮንጎ ነው፤ በኮንጎ አንድ ሳምንት ሞከረች። ጉልበቷ ወደ ኋላ ይሰበርባታል፣ ቀሪው እግሯ ጫፉ ቆሰለ፣ ቡናው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንከባለለች። ከዚያ ተወችው።

«ለምን አልመጡም? ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት።

ግራ የተጋባች መሰለች። «መቱማ ደህና አድርጎ ነበር የሚያስኬደኝ። እርስዎም አይተዋል። የከተማ እግር ነው አልኩ። እኔ ነኝ ያላወቅኩበት፤ ለአገር ቤት አልሆነኝም ብዬ እንዴት ልምጣ? መንግሥት የደከመበት ነው።»

እኔ ላይ ነበር መቆጣት የነበረባት። እሷ ግን እኔ እንዳላዝን ነበር የምትጨነቀው። ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩና የማላውቀው ለቅሶ መጣብኝ። እሷንም ጋሼ ዘነበንም አፈርኳቸው፣ ራሴንም ጠላሁት። የእሷን ክብር ጠበቅኩ ብዬ ሁለት ዓመት አስድኼያታለሁ።

ቁልፍና ቱንቢ ከኪሴ አይለይም ነበርና በኮንጎዋ ልክ እዚያው ላስተካክለው ሞከርኩ። አልሆነም። ቀሪው እግሯ ሰልሎ ሶኬቱ ውስጥ ይዋልላል፤ አዲስ ጀሶ ያስፈልጋል። እሷን ወደ መቱ አምጧት ማለት ደግሞ አልቻልኩም። በሳምንቱ ማንንም ደብዳቤ ሳላስጽፍ የጀሶ ፋሻ በጀርባዬ አዝዬ ተመለስኩ። ደጃፏ ላይ ውሃ አስመጥቼ ደህናውን እግሯን አጠብኩ። ተረከዟ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ጣቶቿ የተፈለቀቁ፣ ጋሼ ዘነበ ቢያዩት በአንድ ዓይን የሚያነቡት እግር ነበር። አሻራውን ወስጄ፣ መቱ ሠርቼ፣ ተሸክሜ አመጣሁላት። ይህኛውን በኮንጎዋ፣ በራሷ ዳገት ላይ ነው ያስተካከልኩት።

ቡናው ግን አልጠበቀንም ነበር። ኦቦ ገመዳ ሁለቱንም መኸር ለቅሞ፣ መሬቱን የሚሠራው እኔ ነኝ ብሎ ቀበሌ አስጽፏል። ድንቂቱ ሽማግሌ አስቀመጠች። ሽማግሌዎቹም የኔ የሚል ድንበሩን እየዞረ የድንበር ዛፎቹን ያሳየን አሉ፤ የአገሩ ደንብ ነው። እግሩን ካስረከብኳት ገና ሦስት ሳምንት መሆኑ ነበር።

ያን ቀን እኔም ሄጄ ነበር። ከሰዉ ኋላ ራቅ ብዬ፣ እንዳታየኝ ሆኜ ተከተልኩ። ከደጃፏ ተነስታ ዋንዛውን አሳየች። ቀስ እያለች ሽቅብ ወጥታ ብሳናውን አሳየች። እግሩ ያዘላት። ገመዳም ከኋላ ይከተላት ነበር። ከዚያ ወደ ወንዙ መውረጃው ጋ ደረሰች። ቁልቁለቱ ይዞ የሚጎትት ነው፣ ያዳልጣል፤ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ጭን ደግሞ በሦስት ሳምንት አይጠነክርም። አምስት እርምጃ ወረደች።  ግንድ ይዛ ትንሽ ቆየችና ቁጭ አለች። ከዚያ በታች ያሉትን ዛፎች እዚያው ተቀምጣ በስማቸው ጠራቻቸው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተያዩ።

ፍርዱ ክፉ አልነበረም። የላይኛው ለሷ፣ የወንዙ ዳር ሲሠራበት ለቆየው ለባሏ ወንድም ተባለ። የወንዙ ዳር ቡና ባሏ ሲያገባት የተከለው ነበር። እኔ በመስከረሙ ያንን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ለዚያ ቁልቁለት ሁለት ዓመት ሙሉ የጠነከረ እግር ይኖራት ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም።

ለጋሼ ዘነበ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «አሁንስ ጫማው የራሷ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የራሷ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው መሄድህን አታቋርጥ» አሉኝ። በዚያው ዓመት አረፉ። ዛሬም አንድ ነገር ሲከብደኝ እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

መሄዴንም አላቋረጥኩም። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የመጣ ሰው ሁሉ ጫማው የማን እንደሆነ ተጠይቋል፤ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ አንድ ጊዜ ቄሱም። ያልተመለሰውንም ሰው «ደህና» ብዬ መጻፍ ትቼ «አልታየም» እያልኩ ስለጻፍኩ ሪፖርትህ ያሳፍራል ተብዬ ተወቅሻለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር በፈቃዴ ቀን ዳሪሙ እየወጣሁ የድንቂቱን እግር አይ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀየርኩላት። እሷ ከመጀመሪያው ወዲህ ወደ መቱ መጥታ አታውቅም፤ እኔም ይምጡ ብያት አላውቅም።

ከዚያ ጡረታ መጣ። የተካኝ ባለሙያ ጎበዝ ነው፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ። አሁን ወርክሾፑ በአብዛኛው ቁልፍ ነው። በዚያ ሳልፍ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። ብረቶቹ ቆመዋል፤ የሚጨብጣቸው የለም። የኔም ጉልበት የዳሪሙን መንገድ እንቢ ካለኝ ሁለት በዓል አለፈ። እዚህ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ የማስበው ይህንኑ ነው። እግሯ ተሰንጥቆ ይሆን፤ ደግሞ ነጠላ ውስጥ ጠቅልላ ሰቅላው ይሆን እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ፣ ከታች በኩል ሽቅብ ከሚመጡ ሰዎች መካከል አንድ አረማመድ አየሁ። ግራው ትንሽ ያጥራል፤ ጉድጓድ ሲታለፍ እጅ ዳሌ ላይ ያርፋል። ፊቷን ሳላይ ተነሳሁ።

ጸጉሯ ሸብቷል። ድንጋዩን ለቀቅኩላት፣ ተቀመጠች። ወርክሾፑ ዝግ ቢሆንባት ሰው ጠይቃ ቤቴን ማግኘቷን ነገረችኝ። ሶኬቱ ከጎኑ ተሰንጥቋል፤ በሽቦ አስራዋለች።

«ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ አዴ ድንቂቱ» አልኳት።

«ሰማሁ» አለች። እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቀይ ጭቃ የያዘ የላስቲክ ኮንጎ ነው፣ ያው ሁልጊዜ የምታደርገው። መቱ ከተማ ውስጥ፣ በገበያ ቀን።

«ኮጴን ከን ኮቲ» አለችኝ። ጫማው የኔ ነው።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ፣ ቂም በሌለበት ድምፅ፣ «ያኔም ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር» አለችኝ።

 ወርክሾፕ ባይኖረኝም ጀሶ ከፋርማሲ አይጠፋም፤ አሻራውን እዚሁ ወስጄ ለተዛወረው ባለሙያ በሚኒባስ ብልክለት ሠርቶ ይመልስልኛል፤ እሷ መንከራተት የለባትም፤ ማስተካከሉን እኔ እችላለሁ። ይህን ሁሉ በልቤ እያሰላሁ አልማዝን ጠራኋትና ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስመጣሁ። ቱንቢውን ከኪሴ አውጥቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር ተንበርክኬ ኮንጎዋን አወለቅኩና ደህናውን እግሯን ማጠብ ጀመርኩ።